የጣይ እጅ ይባረክ

በየማድ ቤቱ፣ ከበር ጀርባ ወይም ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ አንድ የተከበረ ሀብት አለ፤ ፌስታል የሞላበት ፌስታል። ማንም አስቦ አላጠራቀመውም። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እየተጠቀጠቀበት ሆዱ ተነፍቶ፣ ጆሮው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ባለቤቱ ገበያ ሲወጣ አጠገቡ ያልፋል፤ ሲመለስ በሁለት እጁ አራት አዲስ ፌስታል ይዞ ይገባል። የሞላ ጎተራ እያለው በየቀኑ ስጦታ የሚቀበል ሰው ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

እኛም ዛሬ የተነሳነው ይህን እጅ ልናወድስ ነው። ተቀብሎ የማይጠግብ፣ ጥሎ የማይቆጭ እጅ!

ደስታውን ሊያጎድሉበት የተነሱት ወጣቶች ናቸው። ነገራቸው ሁሉ ትንሽ ነው፤ ከኪስ ይጀምራል። አንዱን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በቁመቱ ሁለቴ ያጥፉታል። ሦስት ጣት የሚያህል ጥብጣብ ሲሆንላቸው ከተዘጋው ጫፍ ጀምረው በሦስት ማዕዘን እየገለበጡ ይጠቀልሉታል፤ የተረፈችውን ጆሮ ወደ ውስጥ ይሸጉጧታል። ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም። ከጆሮው በኩል የጀመረ ግን አየሩን ውስጥ ይቆልፍበታልና ጥቅሉ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይፈታበታል። እንግዲህ ሰው ተምሮ ተምሮ መጨረሻው ይህ ነው? ፌስታል ማጠፍ?

ጥፋቱ ከፈልሳፊው ይጀምራል። ባለ ጆሮውን ፌስታል የነደፈው ስዊድናዊው መሐንዲስ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ነው፤ ሴሎፕላስት የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወስዶበታል። ልጁ ኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ ራሱ አንድ ፌስታል አጥፎ በኪሱ ይይዝ ነበር። አይ ምስኪን! የገዛ እጁ ሥራ ምን እንደሚደረግበት ሳያውቅ ቀረ። እኛ ነን ደርሰን ወጉን ያሳየንለት፤ ከሱቅ እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ ገንዳ።

ከጣዮች መካከል የነቁም አሉ። እነሱ ፌስታል ይጸየፋሉ፤ የጨርቅ ቦርሳ ነው የሚይዙት። ይዘው ቢቀሩ ባልከፋ። አንዱን ቤት ይረሱታል፣ ሱቅ ደርሰው ሌላ ይገዛሉ፤ በየስብሰባው ደግሞ ጽሑፍ የታተመበት ሌላ ይታደላቸዋል፤ እንዲህ እያለ 15 ይደርሳል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስሌት፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ድጋሚ ካልተያዘ ተራ ፌስታል በታች እንዲወርድ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ጥጡ በውሃ፣ በማዳበሪያና በፋብሪካ ጉልበት ነው የሚመጣው፤ ያንን ዕዳ የሚከፍለው መመላለሱ ብቻ ነው። 15 ቦርሳ 1,965 ጊዜ ማለት ነው (ቁጥሩ ፌስታሉ ከተመዘገበበት ዓመት ጋር መግጠሙ የእኛ ጥፋት አይደለም)። በሳምንት ሁለቴ ገበያ የሚወጣ ሰው 19 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ እንኳ 15 ቦርሳ አልነበራትም።

ተስፈኛውን ጣይ ካላመሰገንን ደግሞ ግፍ ይሆንብናል። ይህ ሰው የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጦ ሦስት ማዕዘን ሠርተው የሚከታተሉትን ሦስት ቀስቶች ካየ ልቡ ይረጋል፤ «ሪሳይክል ይሆናል» ብሎ ይወረውራል። በቀስቶቹ መሃል ያለችው ከ1 እስከ 7 የምትሄድ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1988 ስትመጣ ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ልትናገር ብቻ ነበር፤ ተመልሶ ይሠራል የሚል ቃል አልገባችም። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ የተሠራው 9 በመቶ ያህሉ ነው። የቀረው በተስፋ ነው የተጣለው። ተስፈኛችን ግማሽ ለስላሳ ያለበትን ጠርሙስ ከወረቀቱ ጋር ይጥለዋል፤ ይፈስሳል፣ ወረቀቱ ይበሰብሳል፣ አንድ ሙሉ ጆንያ ዋጋ ያጣል። የወረቀት ኩባያውንም ይጨምርበታል፤ ውስጡ በስሱ ፕላስቲክ ተለብጧልና ከተራ ወረቀት ጋር ውሃ ውስጥ ላልቶ አይቦካም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለገበሬ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።

ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ጠርሙሱን ይደፋሉ፤ ሩብ ኩባያ ውሃ ጨምረው ይንጡታል፤ ያንኑ ውሃ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያሳልፉታል። በቁመቱ ይጨፈልቁትና ሰብሳቢው ከተቀበላቸው ክዳኑን መልሰው ይገጥሙታል፤ ክዳን ብቻውን ሲሆን ከመለያው ማሽን ሾልኮ ይወድቃልና። የምን ዓይነት መሆኑ የጠፋባቸውን ፕላስቲክ ደግሞ ጥፍር አክለው ቆርጠው ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይከቱታል። ባለ 1 ቁጥሩ የውሃ ጠርሙስ ይሰምጣል፤ 2 እና 5 ይንሳፈፋሉ፤ ክዳን ብዙ ጊዜ ከነዚህ ነው የሚሠራው። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ካልታከለበት የአየር አረፋ ይጣበቅበትና የሚሰምጠውም ይንሳፈፋል፤ ፈተናው ይዋሻል። ማልቀስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ቁራጭ ፕላስቲክ በብርጭቆ እያየ ምሽቱን ያሳልፋል!

የምግቡንም በአጭሩ እንበል። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙበት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕም፣ «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ስለ ጤና ነው። የእኛ ጀግና ግን ቁጥር ካየ ሁለቱንም እኩል ይፈርድባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል ይላል የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፤ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው ከቤት የወጣ ነው። ለዚህ ድል የደከሙ እጆች ስማቸው የትም ባለመጻፉ እናዝናለን።

የጣይ ጥበብ የሚታየው ግን በቋጠሮው ላይ ነው። ልጣጩን፣ ትራፊውን፣ እርጥቡን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ይከታል፤ ጆሮዎቹን ግራና ቀኝ ስቦ ድርብ አድርጎ ይቋጥራል፤ ውሃ የለ፣ አየር የለ። ያ ቋጠሮ ክምር ሥር ገብቶ አየር በሌለበት ሲብላላ ሚቴን ያወጣል፤ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል የሚያሞቅ ጋዝ። ሥራው ይህን ያህል የሚቆይለት ሰው ስንቱ ነው?

«ጋሼ፣ ቋጠሮውን ልፍታው? እርጥቡ ለባልዲው ይሆነኛል።»

«አንተ ልጅ፣ በሰው ቆሻሻ ምን አገባህ?»

ልክ ናቸው ጋሼ። ባልዲው እርጥቡ ቆሻሻ በስብሶ ብስባሽ፣ ማለትም የተክል ማዳበሪያ የሚሆንበት ነው፤ የ20 ሊትር። ከሥሩ 10 ያህል ቀዳዳ፣ በጎኑ ዙሪያ ሁለት ረድፍ ተበስቷል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር። ከሥሩ የሚንጠባጠበውን የሚይዝ ሳህን አለው። ውስጡ መጀመሪያ አንድ ጣት ቁመት የተቀደደ ካርቶንና ደረቅ ቅጠል ይነጠፋል። ከዚያ ለአንድ እፍኝ እርጥብ ሁለት ሦስት እፍኝ ደረቅ፤ የላይኛው ሽፋን ሁልጊዜ ደረቅ ነው፣ አለበለዚያ ዝንብ ይወርሰዋል። ሥጋ፣ ዘይትና ወተት አይገቡም። የሱቅ ደረሰኝም አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ነው። በሳምንት አንዴ ይገለበጣል፤ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ እርጥብ ሆኖ ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ማንጠብጠብ የለበትም።

እንቁላል የተበላሸ የሚመስል ሽታ ከመጣ አየር አጥቷል፣ ውሃውም በዝቶበታል፤ ካርቶን ጨምሮ ማገላበጥ ነው። እንደ አሞኒያ አፍንጫ የሚቆረቁር ከሆነ እርጥቡ ከደረቁ በዝቷል። ምንም ሳይሸት ምንም ሳይቀየር ከከረመም ደርቋል ወይም ሳይከተፍ ገብቷል። አንድ ሜትር ኩብ ያልሞላ ክምር ሙቀት ስለማይዝ ባልዲው አይፈላም፤ ብስባሹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠይቃል፣ የአረም ዘርም አይሞትበትም። ስድስት ወር! ጋሼ በዚህ ጊዜ ስንት ቋጠሮ ባወጡ ነበር።

ለማንኛውም ቀርበው ይዩት። ጎንበስ ብለው ክዳኑን ያንሱና ያሽትቱ። ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል፤ ሌላ ምንም የለም። ለመውቀስ የሚሆን ነገር ካጡ፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ አቧራ አለ።