እርማት፦ «በነጻ የሚያስተምር ሥራ ፈት ነው» ስለሚለው አስተያየት

የተከበሩ ወንድሜ፣ «በቴሌግራም ያለ ክፍያ የሚያስረዳ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ የተደበቀ ጥቅም አለው፤ ትንሽ ቢከፈለው ደግሞ ይበልጥ ይተጋ ነበር» ሲሉ የጻፉት ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም።

በተለይ «ትንሽ ቢከፈለው ይበልጥ ይተጋ ነበር» የሚለው ሐሳብ ተፈትኖ የወደቀ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ፣ እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቋረጥ በዕረፍታቸው እንቆቅልሹን የመሞከር ፍላጎታቸው ቀንሶ ታይቷል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ በእስራኤል ለበጎ አድራጎት ቤት ለቤት ገንዘብ ከሰበሰቡ ተማሪዎች መካከል፣ የሰበሰቡትን 1 በመቶ ያህል እንደሚከፈላቸው ቃል የተገባላቸው ምንም ካልተከፈላቸው ያነሰ ሰበሰቡ፤ 10 በመቶ የተባሉትም ካልተከፈላቸው አልበለጡም። ትንሽ ክፍያ በጎ ፈቃድን ወደ ርካሽ ቅጥርነት የሚለውጠው ይመስለኛል።

ሥራ ፈትነትን በተመለከተ ግን የማየውን ልናገር። አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አዘውትሮ አጠገቤ የሚቀመጥ ወጣት መሐንዲስ፣ ቀኑን በሥራ ውሎ ማታ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የፊዚክስ ጥያቄ ይመልሳል፤ ምክንያቱን ስጠይቀው፣ እርሱም በተራው ያልከፈላቸው ሰዎች እንዳስተማሩትና ሲያስረዳ ራሱም በደንብ እንደሚገባው ነገረኝ። ስም ወይም ሥራ ፈልገው የሚጽፉ መኖራቸውን አልክድም፤ ይህም ነውር አይደለም። የእንዲህ ያሉትን ሰዎች ድካም ለመደገፍ ከፈለጉ፣ በየጥያቄው ዋጋ ከመተመን የኢንተርኔት ወጪያቸውን መሸፈን የተሻለ ይመስለኛል።