እርጥብ የበላ ሁሉ በርገር አሳዳጅ ነው እንዴ?

ኧረ ጎበዝ፣ ይቺ «የሐዋሳን ወጣት ያደኸየው ፋስት ፉድ ነው» የምትባል ወሬ በቃችን! ደሞዝ አልደርስ አለኝ ባለ ሰው ሁሉ ስር ትለጠፋለች። እስቲ ካልኩሌተር ይውጣና እንተሳሰብ።

ከ2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ትንሹ ደሞዝ 6,000 ብር ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር 700፣ ለጡረታ በ7 በመቶ 420 ሲቆረጥ እጅ የሚገባው 4,880 ነው። ይህ ሰው ምሳውን በእርጥብ ይለፍ፤ ዳቦ፣ ጥብስ ድንች፣ ዳጣ፣ በቃ። 60 ብር እንበለው። በ22 የሥራ ቀን 1,320 ብር፣ ማለትም ከኪሱ 27 በመቶ! ቁርስና እራት፣ ኪራይና ባጃጅ ገና አልተነኩም።

አሁን 40,000 የሚከፈለውን እንይ። ግብርና ጡረታ ወጥቶለት 25,250 ይተርፈዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በርገር ይብላ፤ በወር 8። ሜኑው ላይ 400 የተባለው ሒሳቡ ሲመጣ 506 ነው (ወደዚህ ጉድ እመለሳለሁ)፤ ድምሩ 4,048። በብር ከተቆጠረ የባለ እርጥቡን ሦስት እጥፍ አውጥቷል። ከገቢው ሲታይ ግን 16 በመቶ ብቻ ነው። ታዲያ ምክሩ የሚዘንበው በየትኛው ላይ ነው? በርገር ነክቶ በማያውቀው!

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ኤርንስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1857 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይሰፋል። የኛ ጣጣ ደግሞ አመዳደቡም ነው። በዋጋ ግሽበት አቆጣጠር ቤት የተሠራ ሽሮ «ምግብ» ውስጥ ይገባል፤ ከመንገድ ዳር የተገዛ እርጥብ ግን «ሬስቶራንትና ሆቴል» በሚለው ክፍል ተመድቦ ምግብ ነክ ካልሆኑት ጋር ይደመራል። የሐይቅ ዳር ሆቴል ቡፌና የመናኸሪያ ሳምቡሳ አንድ መደብ! ከዚያ ተነስቶ «ሕዝቡ ለመዝናኛ ያወጣል» የሚል ተንታኝ ቢመጣ ምን ይገርማል።

«ቤታቸው ለምን አያበስሉም?» ለሚሉት ደግሞ፦ በ2008 በተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ሠራተኞቹ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ነው የሚከራዩት። ሽሮ ለአራት ሲሠራ ያዋጣል፤ አራቱም ፈረቃቸው ሲለያይ ግን አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች፣ እያንዳንዷ ለየብቻዋ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል ትገዛለች። ከሰል ለአንድ ሰው ድስትም ለአራት ሰው ድስትም እኩል ነው የሚቀጣጠለው። በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳይሆን ቆጣሪው የጋራ ነው፣ አከራይ ያኮርፋል፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሲጨምር ቆይቷል። እርጥብ የሚገዛው ሰው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ስለሚያውቅ ነው።

በዚህ ላይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው ፓልም ዘይት፣ ካቻፕ፣ ማዮኔዝ አብሮ ወጣ። ሰው ከፋስት ፉድ አልጠፋም፣ አንድ ደረጃ ወረደ እንጂ። ደሞዝ ሲገባ ፒዛ ያዝ የነበረው አሁን አንዱን ለሦስት ይካፈላል፤ በርገር ይበላ የነበረው እርጥብ ቤት ተሰለፈ፤ የእርጥቡ ደንበኛ ደግሞ ደረቅ ዳቦ በሻይ።

ሻጩም የማይታየውን ይቀንሳል። ከ1 ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ባለ 100 ግራም 10 በርገር ይወጣል፤ በ70 ግራም ከተድቦለቦለ 14። እሱም ሲጠበስ ሩቡን ያህል ክብደት ያጣል። ዳቦው ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ፎቶው አይለወጥም! ክፍተቱን ሰላጣና እንቁላል ይሸፍነዋል።

ዘይቱ ላይ የሚሠራው ግፍ የባሰ ነው። ድንች ጥሩ የሚጠበሰው 175 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሰል ወይም መብራት ለመቆጠብ እሳቱ ሲቀነስ፣ ወይም ደንበኛ በዛ ተብሎ መጥበሻው በአንዴ ሲታጨቅ፣ ሙቀቱ ይወርድና ድንቹ ቅርፊት ሳይዝ ዘይት ይመጥጣል። ጋዜጣው ቅባት በቅባት የሚሆነው ለዚህ ነው። የደከመ ዘይት ደግሞ ራሱ ይናገራል፦ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋው ድንቹ ከወጣ በኋላም አይጠፋም፣ ገና በደንብ ሳይግል ይጨሳል። አዲስ ዘይት ከላይ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ አሮጌው አዲሱንም ይዞት ይበላሻል። ለዚህ ነው ሻጩ ጋ ስትሄዱ ከመግዛታችሁ በፊት መጥበሻው ውስጥ ማየት ያለባችሁ። ዘይቱ ጠቁሮ የመጥበሻው ታች ካልታየ እለፉት።

እና ያ 506! 400 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ 440፤ እዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 66 ብር። ቫቱ በሰርቪሱም ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ይዤ ልሂድ ስትሉ ለካርቶኑ ሌላ ይጠየቃል፣ አንዳንዱ ቤት አስተናጋጅ ሳይነካውም ሰርቪሱን አይተውም። ሰው 450 ይዞ ገብቶ ካሸሩ ፊት ይሳቀቃል። ምን ነበር ሜኑው ላይ 506 ብላችሁ ብትጽፉት? ጎኑ ላይም የሥጋውን ግራም ጨምሩበት። ጥሬ ሳለ የተመዘነውን።