ቤዛው ከተከፈለ ቀኖና ለምን?

ክርስቶስ በደሙ ከዋጀን፣ ለካህን መናዘዝና ቀኖና (ካህኑ ለንስሐ የሚያዝዘውን ጾም፣ ስግደትና የመሰለውን) መቀበል ለነፍስ መንጻት ምን ይጨምራል? አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህር በዚህ ጥያቄ ላይ ተጻጽፈዋል።

ወንጌላዊው፦
በዘጸአት 13 የአህያ በኵር በጠቦት ይዋጃል፤ ካልተዋጀ አንገቱ ይሰበራል። ጠቦቱ ይሞታል፣ አህያው ይኖራል። ለነፍሱ የከፈለው አንዳች ነገር የለም። ቤዛ ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ዕብራውያን 10 ክርስቶስ አንድ ጊዜ ራሱን አቀረበ ሲል፣ የተረፈ ዕዳ የለብንም ማለቱ ነው።

ይህን የምጽፈው ለመርታት ብዬ አይደለም። አያቴ የንስሐ አባታቸው ያዘዟቸውን ስግደት በጉልበት ሕመም ምክንያት መጨረስ አልቻሉም ነበር። አልጋ ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያስኬዱ «ስንት ቀረኝ?» ይሉኛል። እንዲሁ እያሉ አረፉ። የኢየሱስ ደም ከኃጢአት ሁሉ ያነጻል የሚለውን የዮሐንስን ቃል በዚያች ሰዓት በጆሯቸው የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። እኔም ገና ልጅ ነበርኩ።

መምህሩ፦
ነፍሳቸውን ይማር። የአያትዎን ነገር ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እንዲያ ተጨንቀው ማረፋቸው የእኛ የማስተማር ጉድለት ነው፤ ጥፋቱን እቀበላለሁ። ቀኖና መድኃኒት ነው፤ አቅም ላነሰው ይቀነሳል፣ ሲያስፈልግም ይለወጣል። ጉልበታቸው ለታመመ እናት ስግደት ሊታዘዝ አይገባም ነበር።

ምእመኑ «ይፍቱኝ አባቴ» ሲል ካህኑ ምን ይመልሳል? «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነው የሚለው። ፈቺው ማን እንደሆነ በዚያች አንዲት ቃል ተነግሯል።

አንድ የማውቀው ሰው የአባታቸው ቤት ሲሸጥ የወንድሙን ድርሻ ወስዶ ለዓመታት ዝም ብሎ ኖረ። ብቻውን ይጸልይ ነበር፤ ይቅር እንደተባለም ያምን ነበር። ሲናዘዝ ግን የንስሐ አባቱ ከጾምና ከስግደት በፊት «ሂድና ገንዘቡን መልስ» አሉት። ብሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። በወንድሙ በር ላይ ቆሞ ለማንኳኳት እጁ አልታዘዝ እንዳለው ራሱ ነው ያጫወተኝ። ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታችን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። አህያ ከተዋጀ በኋላ የሚመልሰው የለውም፤ ሰው ግን አለው። አሥሩን ለምጻሞችስ ጌታችን «ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ያላቸው በከንቱ ነው?

ወንጌላዊው፦
ያው ሉቃስ 17 «ሲሄዱ ነጹ» ይላል። ካህኑ ዘንድ ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ! ካህኑ የነጻውን አይቶ ይመሰክራል እንጂ አያነጻም። ተመልሶ ያመሰገነው ሳምራዊም የወደቀው ኢየሱስ እግር ሥር ነው፤ «እምነትህ አድኖሃል» የተባለው እዚያ ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴስ መቼ ሰገደ? ለማንስ መለሰ?

መምህሩ፦
ፈያታዊ ዘየማን፣ ያ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ጊዜ አልነበረውም። በቀረችው ትንፋሽ ግን የሚገባንን እንቀበላለን ብሎ በሕዝብ ፊት ተናዘዘ። ለእኔና ለእርስዎ ዕድሜ ተሰጥቶናል። ለምጻሞቹም የነጹት ሲሄዱ ነው፤ ገና ለምጽ በገላቸው ላይ ሳለ ታዘው ተነሡ።

ወንጌላዊው፦
ይህ የመጨረሻው ቃልዎ ከብዶኛል፤ አልሸሸውም። ያነጻቸው የኢየሱስ ቃል ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ያ ፌስታል የያዘ ሰው ግን ከሐሳቤ አልወጣም። እኛ ዘንድ ሰው ጌታን ሲቀበል እንዘምራለን፣ እናቅፈዋለን። የሰው ገንዘብ እጁ ላይ እንዳለ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከእንግዲህ እጠይቃለሁ። እርስዎም ይመልሱልኝ፦ ዛሬ አንዲት እናት «ስንት ቀረኝ?» ብትልዎ ምን ይሏታል?

መምህሩ፦
«ያቃተዎትን እርሱ ሞልቶታል፣ እናቴ» እላቸዋለሁ። መቁጠሪያውን ግን ከእጃቸው አልወስድባቸውም።