ሽያጭ የሚበላሸው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መያዝና ችኮላን መግታት የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ያለበት ሰው ለሽያጭ የተፈጠረ ነው ሲባል እንሰማለን። ከሰው ቶሎ ይግባባል፣ ጥያቄ አያልቅበትም፣ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው መሸጋገር አይከብደውም። ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። ሆኖም ሥራው በንግግር ተጀምሮ በክትትል ነው የሚያልቀው፤ አንዳንዶች በአንደበታቸው ተቀጥረው ባልተላከ የዋጋ ማቅረቢያ ምክንያት ይሰናበታሉ።

ይህ ስንፍና አይደለም። ኤዲኤችዲ አንድን ነገር ለጥቂት ጊዜ በአእምሮ ይዞ መቆየትን፣ ጊዜን መገመትንና ዘግይቶ ለሚገኝ ጥቅም መትጋትን ያከብዳል። «ዋጋውን ሐሙስ እልክልዎታለሁ» ተብሎ ስልኩ ይዘጋል፤ ወዲያው ሌላ ደንበኛ ይደውላል፤ የሐሙሱ ቃል በዚያው ይቀራል። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ኮሚሽንም ዛሬ አሰልቺ ኢሜይል ለመጻፍ አያነሳሳም።

ስለዚህ ከደንበኛው ጋር የተነጋገሩትን መመዝገብ ለማታ መቆየት የለበትም። የ30 ደቂቃ ውይይት ከሆነ 25ኛው ደቂቃ ላይ ማንቂያ ይጩኽ። በቀሩት 5 ደቂቃዎች ደንበኛው እየሰማ የችግሩ ፍሬ ነገር፣ የተገባው ቃል፣ የቀጣዩ ቀጠሮ ቀንና ሰዓት ይጻፉ። «ልመዝግበው» በመባሉ የሚቀየም ደንበኛ ብዙም የለም፤ የተሳሳተ ነገር ካለም እዚያው ያርመዋል። ማስታወሻው አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፤ ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ስልክ ውስጥ ከሆነ ሲፈለግ አይገኝም። አስታዋሹም የደንበኛውን ስም ብቻ ሳይሆን ድርጊቱን ይንገር፦ «ደውል፣ የርክክቡን ቀን ጠይቅ»። ሌላ ስብሰባ ላይ እያሉ የሚጮህ ማንቂያ በጣት ተነክቶ ይረሳል፤ ሰዓቱ ክፍት ጊዜ ላይ ይሁን፣ ሥራው እስኪያልቅም አይጥፋ።

ሌላው አደጋ ችኮላ ነው። ደንበኛው ዝም ሲል ሻጩ ዝምታውን ለመሙላት ብቻ ያልተጠየቀ ቅናሽ ይሰጣል። መድኃኒቱ ዝቅተኛውን ዋጋ ከስብሰባው በፊት መጻፍና ከዚያ በታች ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ «ነገ መልስ እሰጣለሁ» ማለት ነው።

ትልቁ ድርሻ ግን የኃላፊው ነው። «ትኩረት አድርግ» የሚል ምክር ምንም አይለውጥም። የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ወደ ሳምንት አውርዶ፣ ከተሸጠው ይልቅ የተላኩትን የዋጋ ማቅረቢያዎች ቆጥሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ15 ደቂቃ መነጋገር ይረዳል። ሁለት ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው በዝምታ መዝገባቸውን ቢሞሉም ብቻውን የማይጀመረው ሥራ ይጀመራል።

ይህ ሁሉ ኦቲዝም ላለበት (ኦቲስቲክ) ሠራተኛ እንዳለ አይሠራም። ለእሱ የስብሰባው አጀንዳ ቀድሞ መላኩ፣ ጸጥ ያለ ቦታ መገኘቱ፣ «እናስብበት» የሚለው መልስ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ መነገሩ ሊበልጥበት ይችላል። ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚያከብድ ሁኔታ) ላለበት ደግሞ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መተግበሪያና የተዘጋጁ የደብዳቤ ቅጾች ይጠቅሙታል፤ በውስጥ ማስታወሻ ላይ ባለ የፊደል ስህተት መገምገሙም ይቅር።

ምርመራው የባለሙያ ነው። የኤዲኤችዲ ምልክቶች በልጅነት ስለሚጀምሩ፣ በጉልምስና ድንገት የመጣ መዘናጋት እንቅልፍ ማጣት ወይም ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ለኃላፊው ግን የምርመራ ወረቀት አያስፈልገውም፤ ማንቂያውን፣ ቅጹንና ሳምንታዊውን ንግግር ለሁሉም ሠራተኛ ከሰጠ ማንም ስለ ጤናው እንዲናገር አይገደድም።