አፖዚቲቭ ሁሉ ኮማ አይፈልግም

ወንድሜ፣ ማብራሪያህን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳላርም ማለፍ አልቻልኩም። «በእንግሊዝኛ አፖዚቲቭ ሁልጊዜ በሁለት ኮማ መካከል ይገባል» ብለሃል። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የተማርነው፤ ግን ልክ አይደለም።

አፖዚቲቭ ከአንድ ስም አጠገብ ሆኖ ያንኑ ስም የሚያብራራ ሌላ ስም ወይም ስማዊ ሐረግ ነው። ኮማውን የሚወስነው ሥራው ነው። ተጨማሪ መረጃ ብቻ ከሆነ ኮማ ይገባዋል። የትኛው እንደሆነ የሚለይልን ከሆነ ግን አይገባውም።

«ማይ ብራዘር ጆን ኢዝ ኤ ዶክተር» የሚለውን ተመልከት። ሦስት ወንድሞች ካሉኝ፣ «ጆን» የትኛው እንደሆነ ይለያል። ስለዚህ ያለ ኮማ ይጻፋል። ያለኝ አንድ ወንድም ብቻ ከሆነ ግን ስሙ ተጨማሪ መረጃ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ኮማ ይገባል። አየህ፣ ጠንቃቃ አንባቢ ከኮማዋ ብቻ ስንት ወንድም እንዳለኝ ሊገምት ይችላል! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። እርግጥ እንዲህ ባለ አጭር ስም ላይ ኮማውን የሚተዉ ጥሩ ጸሐፊዎችም አሉ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «ዘ ፊዚሲስት ሜሪ ኪዩሪ» ሲባል ኮማ የለም፤ የፊዚክስ ባለሙያ ብዙ ነውና። «ሜሪ ኪዩሪ» ብለህ ጀምረህ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን በአፖዚቲቭ ብታስከትል ግን ኮማው ግድ ነው። ስሟ ብቻውን ለይቷታል። ዓረፍተ ነገሩ ከቀጠለ ደግሞ የመዝጊያዋን ኮማ አደራ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሷን ነው።