አንኮበር የጎደላት ሐውልት አይደለም

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ ከደብረ ብርሃን ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ሰው ይበዛል። ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ወሬ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ስለተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ መብራት ስለለበሱት አደባባዮችና ስለሰፉት የእግረኛ መንገዶች ይተርክና «ለእኛስ እንዲህ ያለ ሐውልት መቼ ነው የሚቆምልን?» ብሎ ይጨርሳል። ቁጭቱ ይገባኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው፤ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ሲመለሱም የገቡት አንኮበር ነበር። ቢሆንም ሐውልት ይሠራልን የሚለውን ጥያቄ አልደግፈውም።

መታሰቢያ በይበልጥ የሚያስፈልገው የሚታሰበው ነገር በሌለበት ቦታ ነው። የዓድዋ ተራሮች ከአዲስ አበባ እጅግ ሩቅ በመሆናቸው ፒያሳ ላይ ድሉን የሚያሳይ ሕንፃ መሥራት ያስኬዳል። በሰሜን ሸዋ ግን የሚታሰበው ነገር ራሱ፣ ፍርስራሹም፣ ኮረብታውም፣ የነጋዴው መንገድም፣ ደኑም በቦታው አለ። በእነዚህ አጠገብ የነሐስ ምስል ማቆም ባለቤቱ በተቀመጠበት ቤት ፎቶግራፉን ለእንግዳ እንደማሳየት ይቆጠራል።

የመዲናዋ ሐውልቶች ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምረናል። የምኒልክ ሐውልት ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ፋሽስት ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ጊዜ አውርዶ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላም ተቆፍሮ ወጥቶ በቦታው ቆመ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም (እሳቸውም የፍቼ ተወላጅ በመሆናቸው የዚሁ የሸዋ ልጅ ናቸው) ለባቡር መሥመር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ ሥራው ካለቀ በኋላ ተመልሷል። ሐውልት ወርዶ ሊመለስ፣ ተሰብሮም እንደገና ሊቀረጽ ይችላል። የቤተ መንግሥት መሠረት የሆነ ድንጋይ ግን አንድ ጊዜ ለአጥር ከተወሰደ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይገኝም፤ የእኛ ቅርስ የሚጠፋውም በዚህ መንገድ፣ ማንም ሳይጮህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጡ የእኅቴን ልጆች ይዤ ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር ወጣን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሰን ትንፋሻችንን ስንሰበስብ ታላቂቱ «አጎቴ፣ ቤተ መንግሥቱ የታለ?» አለችኝ። «ቆመሽበታል» አልኋት። ከጥንቱ ግንብ የቀረው ጥቂት ስለሆነ ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ አልገረመኝም። በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራው ሎጅ እንግዳ ማሳደሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ግልጽ ምልክት ከሌለ ጎብኚው የትናንቱን ግድግዳ የሣህለ ሥላሴ ነው ብሎ ይሄዳል። ጉሙ ሲገለጥና የአፋር ቆላ ከእግራችን ሥር ሲዘረጋ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከባሕር ጠረፍ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በዚያ በረሃ አቋርጦ ከገደሉ ግርጌ አልዩ አምባ ገበያ ላይ አሞሌውንና የባሕር ማዶ ዕቃውን ያራግፍ እንደነበር፣ የሸዋ ነገሥታትም መዲናቸውን እዚህ ጫፍ ላይ የተከሉት ይህን በር ለመጠበቅ ጭምር እንደሆነ ስነግራት ልጅቱ እስክንወርድ ድረስ ጥያቄዋን አላቋረጠችም።

በዚያ በር ያልገባ የለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ እየተዘዋወሩ ሲገዙ ሚስዮናዊው ክራፕፍ መጣ፤ ተከትሎት የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ መጥቶ በ1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ በሚባለው ቦታ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰፍሮ ነበር፤ የቡድኑ መሪ አንቲኖሪም በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ደግሞ ንጉሥ ምኒልክን አጣቸው፤ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ አዘንብሎ፣ አዲስ አበባም በዚያው ዓመት ተቆርቁራ ነበርና ሒሳቡን ለመጨረስ እስከዚያ መሄድ ግድ ሆነበት። የአንድ መዲና ማብቂያ በአንድ ነጋዴ እንግልት እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሌላ ታሪክ አላውቅም።

መዲናዎቻችን የሚነሡት ለጦርነትና ለንግድ ብቻ ሳይሆን ማገዶ ሲያልቅም ጭምር ነው። ከተማ ሲሰፋ ዙሪያው ይመነጠራል፤ እንጨት ፍለጋው ሲርቅም ቤተ መንግሥቱ ይነሣል። አዲስ አበባ ከዚህ ዕጣ የተረፈችው ባሕር ዛፍ ስለደረሰላት ነው። ለእኛ የሚያኮራው ሌላው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ሥፍራ ደብረ ብርሃንን በ1446 ዓ.ም. አካባቢ መሥርተው የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚያ ያሳለፉ ንጉሥ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ተራራ ተራቁቶ ባዩት ጊዜም ከእኛው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዲተከል እንዳዘዙ ይነገራል። እንግዲህ የመዲናዋ ነዋሪ እሑድ እሑድ ንጹሕ አየር ሊተነፍስበት የሚሄድበት ደን ሥሩ እዚህ ነው ማለት ነው። ወፍ ዋሻ ዛሬም ጽዱንና ኮሶውን ይዞ ከገደሉ ላይ አለ፤ ከላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ይግጥበታል፤ በጥቅምት አየሩ ሲጠራ ለዓይን የሚሰጠውን ደስታ የትኛውም የአደባባይ መብራት አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለአንድ ሐውልት በሚወጣ ገንዘብ አያሌ ትንንሽ ሥራዎች ይሠራሉ። የፍርስራሾቹ ወሰን ይለካ፣ ችካል ይመታ፣ የካርታ ቁጥር ይሰጠው፤ ድንጋዩን የሚጠብቅ ደመወዝ ያለው የአገሬው ሰው ይቀጠር፤ የየደብሩ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ከእነሱ ጋር ሳይቀበር ይመዝገብ፤ ወጣቶች በአስጎብኚነት ይሠልጥኑ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚቀድመው ወሰኑን ማስከበር ነው፤ ሌላው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ያጣው ሰላም ሳይመለስ ጎብኚ እንደማይመጣ አልዘነጋሁም። ነገር ግን ወሰን መለካትና ሽማግሌ ማነጋገር ጎብኚን አይጠብቅም፤ እንዲያውም የእንግዳው መንገድ ፀጥ ባለበት ጊዜ ቤትን ማሰናዳት የባለቤት ወግ ነው።

«ሐውልት ካላቆሙ መንግሥት አያስታውሰንም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ በጀት የሚከተለው የሚታይ ነገርን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህም ቢሆን ልቼን ልጥቀስ። ከደብረ ብርሃን ቅርብ በሆነችው በዚያች የምኒልክ መዲና በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መባልን ትተው ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ፤ ዮሐንስም የሸዋን ንጉሥነት አጸደቁላቸው። ሁለት ጦር ተፋጦ ሳለ ያለ ታላቅ ውጊያ በዕርቅ የተለያየበት ቦታ ነው። የሚታይ ነገር ከተፈለገ ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደታረቀ በአማርኛ የሚናገር አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ለልቼ ይበቃታል። የችካሉን ሥራም ከዚያ ቢጀምሩት እመርጣለሁ፤ የዞኑ ባለሙያዎች ከቢሯቸው ጧት ተነሥተው ቦታውን አይተው ለምሳ መመለስ ይችላሉ።