ማስተካከያ፦ በአጭሩ ቀን ጥላ የሚለካበት ሰዓት

ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር እንጦጦ ላይ የዓመቱን አጭር ቀን ለማክበር ባወጣነው መመሪያ፣ የዘንጉ ጥላ «ልክ በ6 ሰዓት» ይለካ ብለን ነበር፤ ተሳስተናል። ታኅሣሥ 12 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው ከቀኑ 6:23 አካባቢ ነው። በ6 ሰዓት ጥላውን ተከትሎ የተሰመረ የሰሜን መስመር 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይዛባል።

በ6:23 ቀጥ ብሎ የቆመ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላው 64 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ካጠረባችሁ ዳገቱን ጠርጥሩ፦ መሬቱ ወደ ሰሜን ሲወጣ ጥላውን ይበላዋል። ጣውላ አንጥፋችሁ በውኃ ልክ አስተካክሉ፤ ዘንጉን በቱንቢ አቁሙ።

«በዕለቱ ፀሐይ ከሁሉም ቀን ዘግይታ ትወጣለች» ያልነውም ይሰረዝ። ቀኑ አጥሮ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያህል ቢሆንም፣ ፀሐይ ለመውጣት እጅግ የምትዘገየው ጥር 20 ገደማ ነው።